ወተትና ወሊድ በአንድ መዝገብ፦ የወተት ላሞች የምርትና የመራባት ብቃት አለካክ

አኅፅሮተ ጽሑፍ

የወተት መንጋ ብቃት ብዙ ጊዜ የሚገመተው በዕለቱ በታለበው ሊትር ነው። ይህ መጣጥፍ የአለባና የመራባት መለኪያዎች ተነጣጥለው ሲሰሉ እንደሚያሳስቱ ያሳያል፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚይዘው፣ በወሊድ ክፍተት ለእያንዳንዱ ቀን የሚደርሰው ወተት፣ ዋና መመዘኛ እንዲሆንም ይሞግታል።

መግቢያ

በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአገር ውስጥ ላሞችን ከፍሪዥያን ጋር ማዳቀል የወተት ልማታችን ዋና መንገድ ሆኖ ቆይቷል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልም የቦረናን ላም ከፍሪዥያን በማዳቀል ለዓመታት ሠርቷል። ዲቃላዋ ላም ከአገሬዋ የበለጠ ወተት እንደምትሰጥ አያከራክርም። ሊጠየቅ የሚገባው ያ ወተት በስንት ቀን እንደተገኘና ላሟ መቼ ዳግም እንደወለደች ነው።

የአለባ ልኬት

ወተትን በየዕለቱ መመዘን ለማይቻልበት በረት በወር አንድ ቀን የጠዋቱንና የማታውን አለባ መመዘን ይበቃል። የሁለት ተከታታይ ልኬቶች አማካይ በመካከላቸው ባሉት ቀናት ይባዛል። አንዲት ላም በወለደች በ15ኛው ቀን 12 ሊትር፣ በ45ኛው ቀን 14 ሊትር ብትታለብ፣ የ30 ቀኑ ምርት 13 ሲባዛ በ30፣ ማለትም 390 ሊትር ነው። የጠዋቱን ብቻ ለክቶ በሁለት ማባዛት ግን ያሳስታል፤ ከማታ እስከ ጠዋት ያለው ጊዜ ከቀኑ ሲረዝም የጠዋቱ ወተት ይበዛልና።

ወተት ከወሊድ በኋላ እየጨመረ ሄዶ በአብዛኛው ከ4ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ከፍተኛው መጠን ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ተመራማሪው ዉድ እ.ኤ.አ. በ1967 በሒሳብ ቀመር ያስቀመጠው ይህንኑ አካሄድ ነው። ለንጽጽር የተለመደው መስፈርት የ305 ቀን አለባ ነው። ይሁንና የዜቡ ደም ያላቸው ብዙ ላሞች ከዚያ ቀድመው ይነጥፋሉ፤ ጥጃዋ የሞተባት ላምም ወተት አላወርድ ልትል ትችላለች። በ220 ቀን በራሷ የነጠፈችን ላም ምርት ወደ 305 ቀን አሳድጎ መመዝገብ ያልታለበ ወተት መጻፍ ነው። ጥጃው የጠባውም መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ በጥጃ የምትታለብና ያለ ጥጃ የምትታለብ ላም በአንድ ሰንጠረዥ መወዳደር የለባቸውም።

የመራባት ልኬት

እርግዝና 280 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ የወሊድ ክፍተትን የሚያረዝመው ወይም የሚያሳጥረው ላሟ ከወለደች በኋላ ሳትፀንስ የምትቆይበት ጊዜ ነው። ድራት በየ21 ቀኑ ገደማ የሚመለስ በመሆኑ አንዴ ካመለጠ ሦስት ሳምንት ይባክናል። ድራት ከመጣባቸው ላሞች ግማሾቹ ታይተው ቢዳቀሉና ከተዳቀሉት 40 በመቶው ቢይዙ፣ በአንድ ዙር የሚያረግዙት 20 በመቶው ብቻ ናቸው።

ትልቁ ስህተት የሚደበቀው አማካዩ ውስጥ ነው፤ የወሊድ ክፍተት የሚሰላው ዳግም ለወለዱት ብቻ ነውና። ለምሳሌ ያህል 20 ላሞች ያሉበትን መንጋ እንውሰድ። 12ቱ በአማካይ በ400 ቀን ዳግም ወልደዋል፤ 5ቱ ከወለዱ 250 ቀን ሆኗቸው ገና አልያዙም፤ 3ቱ አልይዝ ብለው ተሸጠዋል። ሪፖርቱ 400 ቀን ይላል። አምስቱ ዛሬውኑ ቢያረግዙ እንኳ ክፍተታቸው 530 ቀን ነው፤ ሲደመሩ አማካዩ 438 ይደርሳል። የተሸጡት ሦስቱ አሁንም አልተቆጠሩም። የማዳቀል ብዛትም እንዲሁ ነው። 12ቱ የያዙት በ20 ጊዜ ማዳቀል ከሆነ ለአንድ እርግዝና 1.67 ይደርሳል፤ ላልያዙት 8 ላሞች የተደረገው 16 ሲታከል ግን 3 ይሆናል።

ሁለቱን በአንድነት

አንደኛዋ ላም በአንድ አለባ 3,000 ሊትር ሰጥታ በ400 ቀን፣ ሁለተኛዋ 3,300 ሊትር ሰጥታ በ500 ቀን ዳግም ቢወልዱ፣ በአለባው መዝገብ የምትመረጠው ሁለተኛዋ ናት። ምርቱ ለወሊድ ክፍተቱ ሲካፈል ግን የመጀመሪያዋ በቀን 7.5፣ ሁለተኛዋ 6.6 ሊትር ይደርሳቸዋል። ድርቆሹም ፉሩሽካውም የሚገዛው ለታለበችበት ቀን ብቻ ሳይሆን ነጥፋ ለቆመችበትም ጭምር ነው።

መዝገቡና የዘመን አቆጣጠሩ

ለዚህ ስሌት የወሊድ፣ የእያንዳንዱ ማዳቀል፣ የእርግዝና ምርመራና የመንጠፊያ ቀን፣ ከወርኃዊ የወተት ልኬት ጋር ይበቃሉ። የላሟ ድራት አለመመለሱን ብቻ አይቶ “ይዛለች” ብሎ መጻፍ ቁጥሩን ያስጌጣል፤ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። ድራቷ ታይቶ አዳቃይ ቴክኒሻን ባለመገኘቱ ያለፈችም ለብቻዋ ትመዝገብ፤ አለዚያ የአገልግሎቱ ጉድለት የላሟ መሃንነት ተደርጎ ይቆጠራል።

በእኛ አቆጣጠር 12ቱ ወራት እኩል 30 ቀን መሆናቸው ስሌቱን ያቀልላል። መስከረም 10 ወልዳ ታኅሣሥ 25 የፀነሰች ላም 105 ቀን ቆይታለች፤ ክፍተቷ 385 ቀን ገደማ ይሆናል። ጊዜው ጳጉሜን ሲሻገር 5 ወይም 6 ቀን መታከል አለበት። አደጋው ሁለቱ አቆጣጠሮች ሲደባለቁ ነው፦ “10/1” ተብሎ የተጻፈውን አንዱ መስከረም 10፣ ሌላው ጃንዋሪ 10 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ በመካከላቸው ከሦስት ወር ተኩል በላይ አለ።

መደምደሚያ

የጥናት ጸሐፊዎች አማካዩ ከስንት ላሞች እንደተገኘና ስንቶቹ እንደቀሩ አብረው ይግለጹ። የመንጋ ባለቤቶችም ላም ከመሸጣቸው ወይም ለእርባታ ከመምረጣቸው በፊት ወተቷን ለወሊድ ክፍተቷ አካፍለው ይዩ። በዕለቱ ሊትር ብቻ የሚመርጥ ባለቤት ብዙ ታልበው ዘግይተው የሚወልዱ ላሞችን ያበዛል፤ ኪሳራውም የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።