የቨርጂኒያ ልዑካን ምክር ቤት 94ኛ የምርጫ ክልል

የቨርጂኒያ ልዑካን ምክር ቤት 94ኛ የምርጫ ክልል በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት ታችኛውን ምክር ቤት ከሚመሠርቱት 100 የምርጫ ክልሎች አንዱ ነው። እስከ 2023 ድረስ የኒውፖርት ኒውስ ከተማን ከፊል ይወክል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ወደ ኖርፎክ ከተማ ተዛውሯል። ክልሉ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በ2017 ምርጫ ሁለቱ ዋና ተፎካካሪዎች እያንዳንዳቸው 11,608 ድምፅ አግኝተው አሸናፊው በዕጣ በመለየቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ምክር ቤቱና የክልሎቹ አከፋፈል

የቨርጂኒያ ጠቅላላ ጉባኤ 40 አባላት ያሉት ሴኔትና 100 አባላት ያሉት የልዑካን ምክር ቤት አሉት። የልዑካኑ ምክር ቤት ታሪኩን የሚቆጥረው በ1619 በጄምስታውን ከተሰበሰበው የቅኝ ግዛት ጉባኤ ጀምሮ ነው። ልዑካን የሚመረጡት ለሁለት ዓመት ሲሆን ምርጫው የሚካሄደው በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት ነው። በዚህ ምክንያት ከፕሬዚዳንቱም ሆነ ከፌዴራሉ ኮንግረስ ምርጫ ጋር አይገጥምም፤ ድምፅ ለመስጠት የሚወጣውም ሕዝብ ያነሰ ነው። ጉባኤው በዓመት የሚሰበሰበው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ አብዛኞቹ ልዑካን መተዳደሪያ የሚሆን ሌላ ሥራ አላቸው። ያም ሆኖ ምክር ቤቱ የሚወስናቸው ጉዳዮች፣ ማለትም የትምህርት ቤት በጀት፣ የጤና መድን፣ የምርጫ ሕግና የወንጀል ቅጣት፣ ለነዋሪው ዕለታዊ ኑሮ ከዋሽንግተን ውሳኔዎች ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቀርባሉ። በሰሜናዊ ቨርጂኒያ፣ በተለይ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ አካባቢ የሚኖሩ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ልዑካናቸውን የሚመርጡት ለዚሁ ምክር ቤት ነው።

እያንዳንዱ ክልል አንድ ልዑክ ብቻ ይመርጣል። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። የክልሎቹ የሕዝብ ብዛት ተቀራራቢ እንዲሆን ያስገደደው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱ በ1964 ይህን መርሕ በበርካታ ግዛቶች ላይ ሲያጸና ከጉዳዮቹ አንዱ ከራሷ ከቨርጂኒያ የመጣ ነበር። ስለዚህ በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ ካርታው እንደገና ይሳላል። ከ2010 ቆጠራ በኋላ አንድ ክልል በአማካይ 80,000 ገደማ ነዋሪ ነበረው።

አካባቢው

ኒውፖርት ኒውስ በጄምስ ወንዝ ዳር፣ ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ አጠገብ የተዘረጋች ጠባብና ረጅም ከተማ ናት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግዙፍ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የሚሠሩት በከተማዋ የመርከብ ፋብሪካ ሲሆን ፋብሪካው ለአካባቢው ሰው ዋነኛ የእንጀራ ምንጭ ነው። 94ኛው ክልል ከከተማዋ የተወሰነውን ክፍል ብቻ ይይዝ ነበር፤ አጎራባቹ 95ኛ ክልል ደግሞ ጥቁር ነዋሪዎች የሚበዙባቸውን ሰፈሮች ያጠቃልል ነበር። ይህ አከፋፈል ኋላ ላይ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆኗል።

ክልሉን ከ2002 እስከ 2011 የወከሉት ሪፐብሊካኑ ግሌን ኦደር ናቸው። በእርሳቸው ቦታ የዚያው ፓርቲ አባል ዴቪድ ያንሲ በ2011 ተመርጠው በጥር 2012 መቀመጫውን ያዙ።

የ2017 ምርጫ

ከ2017 ምርጫ በፊት ሪፐብሊካኖች በምክር ቤቱ 66 ለ34 ይመሩ ስለነበር መቀመጫቸው ይነጠቃል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም። ኖቬምበር 7 ቀን ድምፁ ሲቆጠር ግን ዴሞክራቶች 15 መቀመጫ ያህል ነጠቁ፤ የምክር ቤቱ አብላጫም በጥቂት ያልተቋጩ ክልሎች ላይ ተንጠለጠለ። ከእነዚህ አንዱ 94ኛው ነበር። ያንሲን የተፎካከሩት የከተማዋ የትምህርት ቤቶች ቦርድ አባል የነበሩት ዴሞክራቷ ሼሊ ሲሞንድስ ሲሆኑ፣ የሊበርታሪያን ፓርቲ ዕጩም በውድድሩ ነበሩ። በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምፅ ቀደሙ።

በቨርጂኒያ ድጋሚ ቆጠራ በራሱ አይጀመርም፤ ልዩነቱ ጠባብ ሲሆን ተሸናፊው መጠየቅ አለበት። ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ የማይበልጥ ከሆነ ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል። በሲሞንድስ ጥያቄ ዲሴምበር 19 ቀን በተካሄደው ድጋሚ ቆጠራ ውጤቱ ተገለበጠ፦ ሲሞንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607። ዴሞክራቶች በዚያ ምሽት ምክር ቤቱ 50 ለ50 ሆነ ብለው ደስታቸውን ገለጹ።

ደስታው አንድ ቀን አልቆየም። በማግስቱ ሦስት ዳኞች ውጤቱን ለማጽደቅ ሲሰየሙ ከሪፐብሊካኑ ወገን የነበረ አንድ ቆጣሪ በቆጠራው ወቅት ወደ ጎን ስለተተወ አንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ደብዳቤ ጽፎ አቀረበ። በወረቀቱ ላይ በሁለቱም ዕጩዎች ስም አጠገብ ያለው ክብ ጠቁሯል፤ በሲሞንድስ ክብ ላይ ግን ተጨማሪ የሰያፍ መስመር ተሰምሯል። መስመሩ ስረዛ ነው ወይስ ማጉያ? መራጩ በሌሎቹ የግዛት ውድድሮች የመረጠው ሪፐብሊካኖችን ነበር፤ ለአገረ ገዥነት በመረጠው ሪፐብሊካን ዕጩ ክብ ላይ ግን እዚያም የመስቀል ምልክት ስለነበረ ምልክት ሁሉ ስረዛ ነው ማለት ቀላል አልነበረም። ዳኞቹ የመራጩ ሐሳብ ያንሲን መምረጥ ነው ብለው ወረቀቱን ለእርሳቸው ቆጠሩ። ውጤቱም 11,608 ለ11,608 ሆነ። የሲሞንድስ ጠበቆች ሁለቱም ወገኖች በቆጠራው ቀን የተስማሙበት ነገር በማግሥቱ ሊነሳ አይገባም ብለው ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ቢጠይቁም ጥያቄያቸው ጃንዋሪ 3 ቀን 2018 ውድቅ ሆነ።

ዕጣው

የቨርጂኒያ ሕግ ድምፅ እኩል ሲሆን ምርጫው ይደገም አይልም፤ አሸናፊው በዕጣ ይለይ ይላል። በ1971 አንድ የልዑካን ምክር ቤት መቀመጫ በዚሁ መንገድ ተወስኖ ነበር። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 በዋና ከተማዋ ሪችመንድ በተካሄደው ሥነ ሥርዓት የሁለቱ ዕጩዎች ስም በየወረቀቱ ተጽፎ በፎቶግራፍ ፊልም ማስቀመጫ ትናንሽ ብልቃጦች ውስጥ ገባ። ብልቃጦቹ የተጨመሩበት ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ከቨርጂኒያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በውሰት የመጣ ነበር። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን አንዱን አወጡ፤ በውስጡ የተገኘው የያንሲ ስም ነው። ሁሉም ነገር በግልጽ መፈጸሙ እንዲታይ ሁለተኛውም ተከፈተ። ሲሞንድስ በቦታው ነበሩ፤ ያንሲ አልተገኙም።

ሕጉ በዕጣ ለተሸነፈ ሰው ሌላ ድጋሚ ቆጠራ የመጠየቅ ዕድል ይሰጥ ነበር። ሲሞንድስ ግን ጉባኤው በተከፈተበት ጃንዋሪ 10 ቀን ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 አብላጫቸውን አስጠብቀው ከመካከላቸው ኪርክ ኮክስን አፈ ጉባኤ አደረጉ፤ አፈ ጉባኤው ደግሞ የኮሚቴዎችን አባላት ይሰይማል። ሆኖም የቀደመው ትልቅ አብላጫ ስላልነበረ በዚያው ዓመት ከሪፐብሊካኖቹ የተወሰኑት ከዴሞክራቶች ጋር አብረው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠው የጤና መድን እንዲሰፋ ድምፅ ሰጡ። አገረ ገዥ ራልፍ ኖርተም በጁን 2018 የፈረሙት ይህ ሕግ ለዓመታት በምክር ቤቱ ሲታገድ የቆየ ነበር።

ካርታው

የዓለም ጋዜጦች የጻፉት ስለ ሳህኑና ስለ አንዷ ወረቀት ነው። ለክልሉ ዕጣ ፈንታ ግን ከሳህኑ ይልቅ የካርታው መስመር ሳይበልጥ አይቀርም። በ2017 ዴሞክራቶች በግዛቲቱ ሁሉ ተደምሮ ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ቢያገኙም 49 መቀመጫ ብቻ ነው የያዙት። ሪፐብሊካኖች በብዙ ክልሎች ዕጩ አለማቅረባቸው አኃዙን ቢያዛባውም፣ በ2011 የተሳለው ካርታም ድርሻ ነበረው። በጁን 2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት ከክልሎቹ 11ዱ ጥቁር መራጮችን በዘር እየለዩ በማጨቅ የተሳሉ ናቸው ብሎ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥሱ ወሰነ። 95ኛው ክልል ከ11ዱ አንዱ ነበር። የአንዱ ክልል መስመር ሲነሳ የጎረቤቱም መነሳቱ ስለማይቀር 94ኛውም ተለወጠ። ምክር ቤቱ ያቀረበውን ይግባኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2019 በ5 ለ4 ድምፅ ሳይቀበለው ቀረ።

በኖቬምበር 2019 ያንሲና ሲሞንድስ በአዲሱ ካርታ እንደገና ተገናኙ። የፖለቲካው ነፋስም ለዴሞክራቶች ይነፍስ ነበርና ሲሞንድስ ዕጣ በማያስፈልገው ሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ፓርቲያቸው 55 መቀመጫ ይዞ ምክር ቤቱን ተቆጣጠረ፤ አይሊን ፊለር-ኮርንም የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ። በ2021 ሪፐብሊካኖች አብላጫውን 52 ለ48 ሲመልሱ ሲሞንድስ መቀመጫቸውን አላጡም።

ከ2020 ቆጠራ በኋላ ካርታ እንዲያወጣ የተቋቋመው ኮሚሽን ሊስማማ ባለመቻሉ ሥራውን የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። በዲሴምበር 2021 የጸደቀው ካርታ የአብዛኞቹን ክልሎች ቁጥር አዛወረ። በ2023 ሲሞንድስ በኒውፖርት ኒውስ በ70ኛው ክልል ተወዳድረው አሸነፉ፤ የ94 ቁጥር በተሰጠው የኖርፎክ ክልል ደግሞ ዴሞክራቱ ፊል ሄርናንዴዝ ተመረጡ። በዚያ ምርጫ የምክር ቤቱ አሰላለፍ ዳግመኛ 51 ለ49 ሆነ፣ በዚህ ጊዜ ግን ለዴሞክራቶች።