ዋሱ ማን ነው? የቤትና የመሬት ሽያጭ ከብራና እስከ ቴሌግራም

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ መሬት ሲሸጥ ውሉ የሚሰፍረው በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ነበር። ጸሐፊው ወንጌሉን ወይም ሌላ የብራና መጽሐፍ ገልጦ በባዶው ቅጠል፣ አንዳንዴም በኅዳጉ ላይ፣ ሻጩን፣ ገዢውንና በወቄት ወርቅ የተቆረጠውን ዋጋ ይጽፋል። ከዋጋው ቀጥሎ የእማኞችና የዋሶች ስም ይደረደራል። ከሻጮቹም ከገዢዎቹም መካከል ሴቶች ይገኙበታል።

ለዘመኑ ከዚህ የተሻለ መዝገብ አልነበረም። ብራና በቀላሉ አይጠፋም፤ በቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውንም ለመፋቅ የሚደፍር ጥቂት ነው። ሙግት ከተነሳ ግን ዳኛ ፊት ቆመው መልስ የሚሰጡት ስማቸው የሰፈረው ሰዎች ናቸው። መዝገቡና ዋሱ አብረው ይሠሩ ነበር፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬት የሚታወቀው በሰው ስም ነበር። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተጊዮርጊስ ሰፈር ይባላል፤ ነዋሪውም ቦታውን የሚያገኘው በጌታው በኩል ነው። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ደንብ በከተማዋ ቦታ መግዛትንና መሸጥን ፈቀደ። እንግዲህ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች የሚገናኙበት ገበያ ተከፈተ ማለት ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገበያዩ ደግሞ ሁለቱንም የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ደላላው የሚቆመው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ሕጉም ለሙያው እውቅና ሰጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን ራሱን ችሎ፣ በሙያው ለጥቅም የሚሠራ፣ ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ነጋዴ አድርጎ ገልጾት ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲደረግና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ አዘዘ።

ይህ ገበያ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ተዘጋ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ ተፈቀደ፤ ግለሰብ ቤት ማከራየት ተከለከለ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። ያም ሆኖ መጠለያ ፈላጊ አልጠፋም። በደባልነት መኖር የተለመደ ነበር፤ ደባል የሚገኘው ግን በማስታወቂያ አልነበረም፤ በዘመድ፣ በመሥሪያ ቤት ባልደረባና በጎረቤት አፍ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ኪራይ እንደገና ሲፈቀድ ደላላው በየመንገዱ ዳር፣ በየሱቁ ደጃፍ ብቅ አለ። በ1991 ዓ.ም. የሞባይል ስልክ ወደ አዲስ አበባ መግባቱ ሥራውን ለወጠው፤ ቀስ በቀስ ደላላውን ለማግኘት ከሚቆምበት ጥግ ድረስ መሄድ ቀረ። የበለጠውን ለውጥ ያመጣው ግን ኮንዶሚኒየም ነው። ድሮ ቤት ለማስረዳት “ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የእትዬ እገሊት ግቢ አጠገብ” ማለት ግድ ነበር። የኮንዶሚኒየም ቤት በብሎክ፣ በፎቅና በመኝታ ክፍል ብዛት ይነገራል። ሳያዩት የሚገለጽ ቤት በመምጣቱ ደላላው በቴሌግራም ቻናል ላይ ጥቂት ፎቶ፣ ካሬውንና ዋጋውን ለጥፎ በአንድ ሰዓት ለሺህ ሰው ማድረስ ቻለ።

ፍጥነቱ ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ። አንዱ ቤት በብዙ ቻናል፣ በተለያየ ዋጋ ይለጠፋል። የተሸጠ ቤት ሳይነሳ ይቆያል። ፎቶው የማይናገረውም ብዙ ነው፤ ካርታው የማን ስም ላይ እንዳለ፣ የፍርድ ቤት ወይም የባንክ እገዳ መኖሩን፣ ወራሾች መስማማታቸውን፣ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አያሳይም። ይህን የሚያውቀው ሰፈሩን በእግሩ የዞረ፣ ባለቤቱንና ጎረቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት “ቆይ፣ እገዳውን እናጣራ” የሚል ደላላ የኮሚሽኑ ዋጋ ይገባዋል።

ማሽን ብቻውን ዋስ መሆን እንደማይችል አገሪቱ በትልቅ ጉዳይ አይታዋለች። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለ25,491 የኮንዶሚኒየም ቤቶች በኮምፒውተር የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰረዘ። ለዓመታት ከደመወዛቸው ቀንሰው ለቆጠቡ ሰዎች ከባድ ኀዘን ነበር። ዕጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ።

ዛሬ ሕጉም መዝገቡን ወደ ኪራይ አስፍቷል። የ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል።

ባሕር ማዶ የሚኖር ገዢ ደግሞ ሁለቱን መንገድ አጣምሮ ይሄዳል። ደላላው ስልኩን ይዞ በቪዲዮ ክፍሎቹን ያሳየዋል፤ ቧንቧውን ይከፍታል፤ በረንዳው ላይ ቆሞ ጎረቤቱን ያሳያል። ከዚያ በኋላ ገዢው በአካል ለማየት እህቱን ወይም ወንድሙን ይልካል፤ ውክልናም የሚሰጠው ለእነሱ ነው። ወኪሉ ከሻጩ ጋር በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ይፈርማል፤ በዚያው ውል ግርጌ ላይም፣ እንደ ጎንደሩ ብራና፣ የእማኞች ስም ይሰፍራል።