በመኪና ስለ መተንፈስና ስለ ቈሰለ ሳንባ አጭር ታሪክ

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሳንባው በተጎዳ ሰው ላይ የኦክስጅን እጥረት በላስታ ፈጥኖ ይበረታል። ሐኪሙም በመተንፈሻ መኪና ብዙ አየር በኀይል ልስጠው ቢል አያስደንቅም። ይህ አሳብ ግን ስሕተት መሆኑን የመኪናው ታሪክ ያስረዳል።

በ1952 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ በሐኪሙ በብዮርን ኢብሰን ምክር 1,500 ያህል ተማሪዎች እየተፈራረቁ የጎማ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ብዙ ሕሙማንን ከሞት አዳኑ። ከዚያ በኋላ ሥራውን መኪና ተረከበ፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር አየር መስጠትም ልማድ ሆነ።

ነገር ግን በ1974 ዌብና ቲየርኒ የአይጦችን ሳንባ በብርቱ ግፊት ቢነፉት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃ ሞላው። በ1999 ራኒየሪና ባልደረቦቹ፣ የሰው ሳንባ በልክ ሲነፋ ብግነትን (ማለት የሰውነትን መቆጣት) የሚያነሣሡ ንጥረ ነገሮች በሳንባውም በደሙም ውስጥ እንደሚቀንሱ አሳዩ። በ2000 በአሜሪካ በ861 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ በቁመት ለተገመተ ለአንድ ኪሎ ክብደት 12 ሚሊ ሊትር ከተመደበላቸው ከመቶ 39.8 ሲሞቱ፣ 6 ከተመደበላቸው የሞቱት 31 ናቸው።

እንግዲህ የትንፋሹ ልክ የሚወጣው ከሕመምተኛው ቁመት እንጂ ከአገሩ ከፍታ አይደለም። በላስታ የጎደለው ኦክስጅን ስለ ሆነ፣ የሚጨመረውም ኦክስጅኑ እንጂ የትንፋሹ ብዛት ሊሆን አይገባም።