ዕድሜ የጠገበ ፒክአፕ ለጭስ ምርመራ እንዴት ይዘጋጃል?

እንጅባራ፦ ከቡሬ ተነስቶ በኬሳ በኩል ወደ እንጅባራ የሚጓዝ መንገደኛ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ የዘንገና ሐይቅን ያገኛል። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረና በደን የተከበበ ነው። በዚሁ መንገድ ድንች፣ ቀርከሃ፣ ከሰልና ማዳበሪያ የጫኑ ፒክአፖች ይመላለሳሉ። ከእነዚህ መካከል ዕድሜያቸው የገፋው ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ጥቁር ጭስ ይለቃሉ።

ጭሱ ለባለንብረቱ ዋጋ ያስከፍላል። ተሽከርካሪው ዓመታዊ ምርመራውን ካላለፈ ቦሎ አያገኝም፤ ቦሎ የሌለው መኪና ደግሞ በሕጋዊ መንገድ ምርት መጫን አይችልም። ድንች በሚነሳበት ሰሞን ፒክአፑ ለሳምንት ቢቆም ጉዳቱ ከሹፌሩ አልፎ ምርቱ ማሳ ላይ እስከሚቀርበት አርሶ አደር ይደርሳል።

አዲስ መኪና ገዝቶ ችግሩን መፍታትም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ወደ ሀገር ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት ውጭ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ በእጅ ያለውን አሮጌ ሞተር በንጽሕና ማሠራት የብዙ ባለንብረቶች ዋነኛ አማራጭ ኾኗል።

የሕግና የጤና መሠረቱ

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየጊዜው እንዲመረመሩ ያዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በበኩሉ ከተቀመጠ ደረጃ በላይ አካባቢን መበከልን ይከለክላል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰኔ 2004 ዓ.ም የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ጭሱን ከሁሉ አስቀድመው የሚተነፍሱት ሹፌሩ፣ ረዳቱና በመንገድ ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦች ናቸው።

ምርመራው እንዴት ይካሔዳል?

ለናፍጣ ሞተር የሚለካው የጭሱ ጥቁረት ነው። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ የመለኪያው ቱቦ ወደ ጭስ ማውጫው ይገባል። መኪናው በዜሮ ማርሽ ቆሞ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ይረገጣል፤ ይህም ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። መሣሪያው በጭሱ ውስጥ ብርሃን ምን ያህል እንደሚጋረድ ይለካል። ለማነጻጸር ያህል፣ በአውሮፓ ለቆዩ ናፍጣ ተሽከርካሪዎች የተቀመጠው ወሰን ቱርቦ ለሌላቸው 2.5፣ ቱርቦ ላላቸው 3.0 በሜትር ነው። ባለንብረቱ በአካባቢው የሚሠራበትን ወሰን ከምርመራ ጣቢያው አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

ለቤንዚን ሞተር የሚለካው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው።

የጭሱ ቀለም ምን ይናገራል?

ወደ ጋራዥ ከመሔድ በፊት ጭሱን ማየት ገንዘብ ያድናል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ ከአየሩ መብዛቱን ያመለክታል። ምክንያቱ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም ያለልክ የተከፈተ ፖምፓ ሊኾን ይችላል።

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መኾኑን ያሳያል። የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ማለቁ የተለመደ መነሻ ነው። ነጭ ጭስ ጧት ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ብዙም አያሳስብም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ግን ነዳጁ በጊዜው አለመቀጣጠሉን ወይም የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ይጠቁማል። ውኃው እየጎደለ ነጭ ጭስ የሚያወጣ መኪና ሳይጠገን መነዳት የለበትም።

ደጋው የሚጨምረው ችግር

የዘንገናና የእንጅባራ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ሲቀንስ ፖምፓው በቆላ የተስተካከለለትን ናፍጣ መላኩን ከቀጠለ ትርፉ ጥላሸት ኾኖ ይወጣል። አንዳንድ ፖምፓዎች ለከፍታ የሚያስተካክል ክፍል አላቸው፤ በአሮጌ መኪና ላይ ይህ ክፍል መሥራቱ ሊፈተሽ ይገባል። የካርቡራተር ቤንዚን ሞተርም በደጋ ተመሳሳይ ችግር ያጋጥመዋል።

ሁለተኛው የደጋ ጉዳይ ብርዱ ነው። በአሮጌ መኪኖች ላይ ሞተር እንዳይግል በሚል ቴርሞስታቱ ተነቅሎ የሚጣልበት ልማድ አለ። በብርዳማ አካባቢ እንዲህ ያለ ሞተር የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ስለሚውል ነዳጁን አሟልቶ አያቃጥልም። በመኾኑም ቴርሞስታቱን መመለስ በአነስተኛ ወጪ ጥሩ ውጤት ከሚያመጡ ሥራዎች አንዱ ነው።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ሥራው በቅደም ተከተል ቢሠራ ያለምክንያት የሚወጣ ወጪን ያስቀራል።

1. የአየር ፊልትሮው ይታይ፤ አቧራ ከጠጣ ይለወጥ። በበጋ ወደ ቀበሌዎች በሚወስዱ የጠጠር መንገዶች የሚውል ፒክአፕ ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል።

2. የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ይለወጥ፤ የዘይቱ መጠን ከላይኛው ምልክት አይለፍ።

3. የናፍጣ ፊልትሮው ይለወጥ፣ የተጠራቀመው ውኃም ይፍሰስ። በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ውኃና ቆሻሻ ሊኖረው ስለሚችል ከምርመራው በፊት ከማደያ መቅዳት ይመረጣል።

4. የቫልቭ ክፍተት ይስተካከል።

5. ኢንጀክተሮች ተፈትተው በመሣሪያ ይሞከሩ። ጤነኛ ኢንጀክተር ናፍጣውን እንደ ጉም በትኖ ይረጫል፤ የሚያንጠባጥበው ጫፉ ይለወጣል።

6. የፖምፓው ጊዜና የናፍጣ መጠን በፖምፓ ባለሙያ ይስተካከል።

7. ይህ ሁሉ ተሠርቶ ጭሱ ካልቀነሰ የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካ። ግፊቱ ከወደቀ ሞተሩ መታደስ ያስፈልገዋል፤ ወጪው ከመኪናው ዋጋ ጋር መመዘን ያለበትም እዚህ ላይ ነው።

ቤንዚን ለሚጠቀሙ ፒክአፖች ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የማቀጣጠያ ጊዜና የካርቡራተር ቅልቅል በዚሁ ቅደም ተከተል ይታያሉ።

መወገድ ያለባቸው አቋራጮች

ለምርመራው ቀን ብቻ የፖምፓውን ናፍጣ ቀንሶ በማግስቱ መልሶ መክፈት የተለመደ ማታለያ ነው። የተከፈተ ፖምፓ ለጊዜው ጉልበት የሚጨምር ቢመስልም ናፍጣ ያባክናል፣ ሞተሩንም ከልክ በላይ ያግላል። ለባለንብረቱ ጥቁር ጭስ ተከፍሎበት ሳይሠራ የወጣ ነዳጅ ነው። ናፍጣን ከነጭ ጋዝ ጋር መቀላቀልም ጭሱን ለጊዜው ሊያሳሳ ይችላል፤ ኾኖም ናፍጣው የሚሰጠውን ማለስለሻ ስለሚቀንስ ፖምፓውን ይበላል።

በምርመራው ዕለት

ከምርመራው በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል በዋናው መንገድ ሞተሩን በደንብ እያሠሩ መንዳት በጭስ ማውጫው ውስጥ የተጠራቀመውን ጥላሸት ያራግፋል፤ ሞተሩንም ያሞቃል። በወረፋ ረጅም ሰዓት ሞተር አስነስቶ መቆም ግን ጥላሸቱን መልሶ ያጠራቅማል። ማርሚታው የተቀደደ ከኾነ አስቀድሞ መበየድ አለበት።

ከሁሉ በላይ የሞተሩ የጊዜ ቺንጋ ሳይታይ ወደ ምርመራ መግባት አይመከርም። በአሮጌ ሃይሉክስ ላይ የሚገኙት ቱኤልና ስሪኤል የሚባሉት ናፍጣ ሞተሮች ቺንጋ አላቸው። ቺንጋው አርጅቶ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ቺንጋው የተለወጠበትን ኪሎ ሜትር የማያውቅ ባለንብረት መጀመሪያ እርሱን ቢያስለውጥ ይመረጣል።

የምርመራ ሰሞን ከምርት ሰሞን ጋር እንዳይጋጭ ዝግጅቱን ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መጀመር፣ የተሠራውንም ሥራ ቀንና ኪሎ ሜትር እየጠቀሱ በደብተር መመዝገብ ለቀጣዩ ዓመት ሥራውን ያቀልላል።