ስማቸው ያልተጻፈ ሙታን፦ የምሥራቅ አፍሪካ ተሸካሚዎችና የአንድ ምዕት ዓመት ፍለጋ

በናይሮቢ የሚኖር ሰው ካሪዮኮር የሚባለውን ገበያ ሳያውቅ አይቀርም። የቃጫ ዘንቢልና የቆዳ ጫማ የሚገዛበት፣ ጥብስ የሚበላበት ሰፈር ነው። በዳሬሰላምም ካሪያኩ የሚባል፣ ከከተማይቱ ገበያዎች ሁሉ ስሙ የገነነ የንግድ ሰፈር አለ። ሁለቱም ስሞች የወጡት ከአንድ ምንጭ ነው፤ «ካሪየር ኮር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ፣ ማለትም «የተሸካሚዎች ጓድ» ከተባለው የጦርነት ድርጅት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለእንግሊዝ ጦር ስንቅና ጥይት የተሸከሙ አፍሪካውያን የሰፈሩባቸው ቦታዎች በዚሁ ስም ተጠርተው ቀሩ። ስማቸው በገበያ ላይ የቀረው የድርጅቱ እንጂ የሰዎቹ አይደለም። እነርሱ እነማን ነበሩ? ስንቶቹስ የት ወድቀው ቀሩ? ይህ ጥያቄ እንደሚገባው የተጠየቀው ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጦርነቱ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባው ነሐሴ 1914 ሲሆን በአንድ በኩል የዛሬይቱን ኬንያና ኡጋንዳ የያዘችው እንግሊዝ፣ በሌላ በኩል የዛሬይቱን ታንዛኒያ የያዘችው ጀርመን ተፋለሙ። የጀርመኑ አዛዥ ፓውል ፎን ሌቶው ፎርቤክ ጦሩን ይዞ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እየሸሸና እየተዋጋ አራት ዓመት ቆየ። እጁን የሰጠው በአውሮፓ ጦርነቱ ካበቃ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኅዳር 25 ቀን 1918፣ በዛሬይቱ ዛምቢያ ውስጥ በምትገኘው በአበርኮርን ነው።

ጦርነቱ የተካሄደበት ምድር ሰፊ፣ መንገዱም ጥቂት ነበር። ከባቡር ሐዲዱ ርቆ የሚጓዝ ጦር ስንቁን በከብት እንዳያስጭን ቆላ ዝንብ በገንዲ በሽታ በሬውንም ፈረሱንም ይጨርሰዋል። ስለዚህ የቀረው የሰው ትከሻና ራስ ብቻ ነበር። አንድ ወታደር ጦር ግንባር ላይ እንዲቆይ ከኋላው ብዙ ተሸካሚ ያስፈልጋል፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ተሸካሚው ራሱ የሚበላውን የሚሸከም ሌላ ተሸካሚ ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት እንግሊዝ በጦርነቱ ዓመታት ያሰማራቻቸው ተሸካሚዎች ወደ አንድ ሚሊዮን እንደሚደርሱ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ።

በመጀመሪያ ላይ በፈቃዱ የገባ ቢኖርም በ1915 በወጣ ሕግ ምልመላው ግዳጅ ሆነ። ጓዱን ይመራ የነበረው ኦስካር ዋትኪንስ የተባለ የአስተዳደር ሹም ነው። በ1917 ደግሞ ጆን አይንስወርዝ የመራው ታላቅ ምልመላ ሲታወጅ አለቆችና የመንደር ሹማምንት የተጠየቁትን ቁጥር ለመሙላት የጎልማሳ ያለህ አሉ። ከገበያ የተያዘ፣ ከማሳው የተወሰደ፣ ሌሊት ከጎጆው የተጎተተ ብዙ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አብዛኛውን የገደለው ጥይት አልነበረም። ከደጋ የመጣው ሰው ያለመደውን፣ ደግሞም በቅጡ ያልበሰለ የበቆሎ ዱቄት እየበላ በተቅማጥ ወደቀ። ወባውና የሳንባ ምቹም የቀረውን ጨመሩበት። ከሞቱት መካከል በሐኪም ቤት ያረፈ ነበር፤ በመንገድ ዳር ሸክሙን አውርዶ ሳይነሣ የቀረ ነበር፤ ከሰልፉ ሸሽቶ በዱር የጠፋም ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ በእንግሊዝ በኩል ብቻ የሞቱት ተሸካሚዎች ከ100,000 በላይ እንደሚሆኑ ተገመተ። ቁጥሩ ግን ያን ጊዜም ዛሬም ግምት ነው።

አንድ ሰው በጦር ሜዳ ወድቆ መቃብሩ ባይታወቅ ሠራዊቱ ሁለት ግዴታ አለበት፦ ሰውየውን መፈለግና ለቤተ ሰቡ መንገር። በአገራችን ልማድ መርዶ ሳይነገር እርም አይወጣም፤ እርሙን ያላወጣ ቤትም ሙቱን አይቀብርም፣ ሕያዉንም አያገኝም። ይህ ሐዘን የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። በኪኩዩም፣ በካምባም፣ በሉዎም መንደሮች ልጃቸውን የጠበቁ ወላጆች ነበሩ። ለብዙዎቹ ግን የደረሰ መልእክተኛ አልነበረም። ሳይከፈል የቀረው የተሸካሚዎቹ ደመወዝ ጉዳይም በቅኝ ገዥው አስተዳደርና በለንደን ሹማምንት መካከል ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ ለወራሾቹ ሳይደርስ ተዘጋ።

በተቃራኒው በዚያው ዘመን ሙታንን በስም የመዘከር ሥራ በታላቅ ጥንቃቄ ተጀምሮ ነበር። የመንግሥቱ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ግንቦት 21 ቀን 1917 በንጉሣዊ ቻርተር ተቋቋመ። መሥራቹ ፌቢያን ዌር ነው። በ1918 የተቀበለው መርህም፣ ሙታን ሁሉ ያለ ማዕረግ፣ ያለ ዘርና ያለ ሃይማኖት ልዩነት እኩል ይታሰቡ፣ እያንዳንዱም በስሙ ይጻፍ የሚል ነበር። ፈረንሳይና ቤልጂየም ውስጥ መቃብሩ ያልተገኘ ወታደር ሁሉ በግንብ ላይ ስሙ ተቀረጸለት።

መርሁ ምሥራቅ አፍሪካ ሲደርስ ግን ተገደበ። የአውሮፓውያን መቃብር ድንጋይ ሲተከልበት የአብዛኞቹ አፍሪካውያን መቃብር ዱር እንዲመልሰው ተተወ። በስም ፈንታም በናይሮቢ፣ በሞምባሳና በዳሬሰላም የወል ሐውልት ይበቃል ተባለ። በናይሮቢ፣ ዛሬ የኬንያታ ጎዳና በሚባለው መንገድ ላይ፣ ጄምስ አሌክሳንደር ስቲቨንሰን የሠራቸው የነሐስ ሰዎች ቆመዋል፤ ከእነርሱ አንዱ ተሸካሚ ነው። የዳሬሰላሙም የአስካሪ ሐውልት በ1927 የቆመ የዚሁ ሰው ሥራ ነው። በሐውልቶቹ ላይ ያለው የሩድያርድ ኪፕሊንግ ጽሑፍ የሚናገረው ለአገሩ ተዋግቶ የሞተ ሰው ልጆቹ ስሙን እንደሚያስታውሱ ነው። ከሥሩ ግን አንድም ስም አልተጻፈም።

ለዚህ የተሰጠው ምክንያት «አፍሪካዊው የመቃብር ድንጋይ ምን እንደሆነ አያውቅም» የሚል ነበር። በ1923 የጎልድ ኮስት ገዥ የነበረው ጎርደን ጉጊስበርግ፣ አንድ ተራ ተወላጅ የድንጋዩን ትርጉም እንደማይረዳ ለኮሚሽኑ ተናግሯል። መዝገብ ጠፋ የሚለውም ምክንያት ሙሉ እውነት አልነበረም። በጦርነት ጊዜ የጎደለ መዝገብ ቢኖርም ስሞች ሊገኙ በሚችሉበት ቦታም ያልተፈለጉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት መመልከት ይበቃል። በ1941 ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌዶች እስከ ጎንደር ድረስ ተዋግተዋል። ከኬንያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያና ወደ ጣሊያን ሶማሊያ በገፋው ጦር ውስጥ ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ ሰዎች ስማቸው ናይሮቢ በሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ መታሰቢያ ላይ ተቀርጿል። የካቲት 12 ቀን 1944 «ኬዲቭ ኢስማኤል» የተባለችው መርከብ ከሞምባሳ ወደ ሴሎን ስትጓዝ በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ የሰጠሙት የምሥራቅ አፍሪካ መድፈኞችም በዚያው ይታሰባሉ። ባሕር የዋጠውን ሰው በስሙ መጻፍ ከተቻለ በመንገድ ዳር የወደቀውን መጻፍ አይቻልም ማለት አስቸጋሪ ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች ከጥንትም ነገሩን አልተዉትም። ጄፍሪ ሆጅስ የጓዱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳትሟል። በ2019 ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረው ዴቪድ ላሚ ያቀረበው የቴሌቪዥን ዘገባ ብዙ ሰው አስቆጣ። ኮሚሽኑም አጣሪ ኮሚቴ አቁሞ ሚያዝያ 2021 ውጤቱን ይፋ አደረገ። ከ45,000 እስከ 54,000 የሚደርሱ ሙታን፣ ከእነርሱም ሕንዶች፣ ምሥራቅና ምዕራብ አፍሪካውያን፣ ግብፃውያንና ሶማሌዎች፣ ከሌሎች ባነሰ ሁኔታ ታስበዋል። ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ደግሞ፣ አብዛኞቹ ምሥራቅ አፍሪካውያንና ግብፃውያን፣ በስም ወይም ጭራሽ አልታሰቡም። ኮሚሽኑም የእንግሊዝ መንግሥትም ይቅርታ ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ከቁጥር ወደ ስም ዞሯል። ጥር 2025 በኬፕታውን በተመረቀው መታሰቢያ 1,772 የደቡብ አፍሪካ የጉልበት ጓድ አባላት ስም በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ተቀርጿል፤ መቃብራቸው የማይታወቅ ናቸው። በኬንያም ኅዳር 1 ቀን 2023 ንጉሥ ቻርልስ የካሪዮኮርን የጦር መቃብር ጎብኝተው የቀድሞ ወታደሮችን አግኝተዋል፤ ስሞችን ከመዛግብት የማፈላለጉም ሥራ ተጀምሯል።

ፍለጋው ሁሉንም አያገኝም። ስሙ በትክክል ያልተጻፈ፣ በቁጥር ብቻ የተመዘገበ፣ ጨርሶም ያልተመዘገበ ሰው ብዙ ነው። በ116,000 እና በ350,000 መካከል ያለው ክፍተት ከ230,000 ይበልጣል፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሰው ግን ያወጡለት ስም ነበረው፣ የሚጠብቀውም ቤት ነበረው። መርዶው ምዕት ዓመት ቢዘገይም ለልጅ ልጆቹ አንድ ነገር ይነግራል፦ አያታችሁ የት እንደወደቀ ባናውቅም እንደወደቀ አውቀናል፤ ስሙም ይህ ነው።