የአንዱን ሰው ንግግር በሌላው ድምፅ የሚያሰማው ቴክኖሎጂ

ስልክ ሲደወል ደዋዩ ስሙን ሳይናገር ማንነቱን የምንለየው በድምፁ ነው። ዛሬ ግን አንድ ሰው የተናገረውን ሌላ ሰው እንደተናገረው አስመስሎ የሚያሰማ የኮምፒውተር ሥርዓት አለ።

ድምፅ የሚጀምረው በማንቁርት ውስጥ ካለው ንዝረት ነው። ንዝረቱ በአዋቂ ወንድ በሰከንድ 120 ጊዜ ገደማ፣ በሴት 200 ጊዜ ገደማ ነው። ከዚያም በጉሮሮ፣ በአፍና በአፍንጫ ሲያልፍ እንደየሰው አፈጣጠር የተለየ ቃና ይይዛል። ክራርና ማሲንቆ አንድ ዜማ ቢጫወቱ እንኳ ጆሯችን ሁለቱን አያምታታም። ሥርዓቱ እንግዲህ ዜማውን ከመሣሪያው ይነጥላል፤ የተነገሩትን ቃላት እንዳሉ ይዞ ከድምፅ ናሙና የተማረውን የሌላ ሰው ቃና ያለብሳቸዋል።

ናሙናው ረጅም መሆን አይጠበቅበትም። እ.አ.አ በ2023 ማይክሮሶፍት ያስተዋወቀው፣ ጽሑፍን በሰው ድምፅ የሚያነብ ተቀራራቢ ሥርዓት የሦስት ሰከንድ ቅጂ ይበቃዋል። ከዐረብ ሀገር ለቤተሰብ የሚላክ አንድ የድምፅ መልእክት ከዚህ ይረዝማል።

ብዙውን ጊዜ የተናጋሪው የአነጋገር ለዛና የቃላት አጣጣል ሳይለወጥ ይቀራል። ድምፁ የልጅዎ ሆኖ አነጋገሩ የሌላ ሀገር ሰው ከመሰለ መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህ ግን ሙሉ መተማመኛ አይሆንም። መደበኛ የስልክ መስመር ከፍተኛና ዝቅተኛ ድምፆችን ቆርጦ ስለሚያስቀር ጉድለቱን ይሸፍናል። እ.አ.አ በ2019 እንደተዘገበው፣ የአንድ የብሪታንያ የኃይል ኩባንያ ኃላፊ የጀርመን አለቃውን ድምፅ ከነጀርመንኛ ቅላፄው የሰማ መስሎት 220 ሺህ ዩሮ አስተላልፏል። የጠረጠረው አጭበርባሪዎቹ ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠይቁት ነበር።

ቴክኖሎጂው በጎ አገልግሎትም አለው፤ በሕመም ድምፃቸውን ላጡ ሰዎች የቀድሞ ድምፃቸውን ይመልሳል፣ በፊልም ሥራም ያገለግላል።

እህል ወይም ከብት ተሸጦ ገንዘቡ በስልክ በሚቀመጥበት በዚህ ዘመን፣ በቤተሰብ ድምፅ አስቸኳይ ገንዘብ ወይም የምሥጢር ቁጥር ከተጠየቁ ስልኩን ይዝጉ። ቀድሞ በሚያውቁት ቁጥር ራስዎ መልሰው ይደውሉ። ካልተነሳ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀውን ይጠይቁ፤ ለምሳሌ ዘንድሮ የወለደችው ላም የትኛዋ እንደሆነች።