ሻርክ ለማየት የሄዱ ሰዎች

ሞላሌ ላይ ሆኖ ስለ ሻርክ ማውራት ለቀልድ የቀረበ ነው። ባሕሩ ሩቅ፣ ብርዱ ቅርብ። ዓሣም ቢሆን ጾም ነው ፍስክ ነው የሚል ክርክር ካልተነሣ በቀር ስሙ እምብዛም አይጠራም። ቋንቋችንም ያው ደገኛ ነው። ለበግና ለገብስ ቃል የማይጠፋው አማርኛ ለዚህ ፍጡር በወጉ የራሱን ስም አላወጣለትም፤ ተውሰን «ሻርክ» እንላለን። ያለን ትልቅ የባሕር አውሬ ዮናስን የዋጠው ዓሣ አንበሪ ነው። እሱንም ያገኘነው ከመጽሐፍ ነው።

ይሁንና ከጣርማ በር ተገንጥሎ፣ በመዘዞና በሞላሌ አልፎ መሐል ሜዳ በሚገባው መንገድ ካሜራ ያንጠለጠሉ ፈረንጆች ያልፋሉ። የሚሄዱት ጓሳ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ሊያዩ። አንድ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ለማየት ባሕር ተሻግሮ መጥቶ በብርድ መኮራመት ምን ይባላል የሚል ሰው አይጠፋም። የእነዚሁ ሰዎች ወንድሞች ደግሞ የጎማ ልብስ ለብሰው፣ የአየር ጋን በጀርባቸው አዝለው፣ ሻርክ ለማየት ባሕር ውስጥ ይገባሉ። የዚህ ጉዞ ታሪክ ከምንገምተው በላይ ለእኛ ቅርብ ነው። ከመነሻዎቹ አንዱ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለብበት በነበረ ባሕር ላይ ነበር። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ዣክ ኩስቶ የተባለው ፈረንሳዊ የባሕር ኃይል መኮንንና ኤሚል ጋኛን የተባለው መሐንዲስ፣ ሰው አየሩን ተሸክሞ እንደ ልቡ የሚዋኝበትን መሣሪያ በ1943 ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ ቀይ ባሕር የጠላቂዎች መናኸሪያ ሆነ። ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ ፖርት ሱዳን ወርዶ ሻርኮችን ቀረጸ፤ ፊልሙም በ1951 ወጣ። ቀጥሎ ተራው የዳህላክ ደሴቶች ሆነ።

በመስከረም 1945 ዓ.ም ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። በዚያው ዓመት ብሩኖ ቫይላቲ የሚመራው የጣልያን ቡድን «ፎርሚካ» በተባለች መርከብ ዳህላክ ደረሰ። ፎርሚካ ማለት ጉንዳን ነው፤ ስሟ ደስ ይላል። በመርከቧ ላይ የሳይንስ ሰዎች፣ ጠላቂዎችና ፎልኮ ኩዊሊቺ የሚባል ገና የ22 ዓመት ወጣት የፊልም ሠሪ ነበሩ። «ስድስተኛው አህጉር» የተባለው ባለ ቀለም ፊልሙ በ1954 ታየ፤ አውሮፓም በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ ከምጽዋ ማዶ ያለውን ባሕር ወለል አየ። ታዲያ ሰዎቹ ከካሜራው ሌላ የዓሣ መውጊያም ይዘው ነበር። በዚያ ዘመን ማየትና መግደል ገና አልተለያዩም።

ይህን ታሪክ ሳነብ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ከዳህላክ ደሴቶች አንዷ ኖኩራ ናት። ጣልያን ከ1887 ጀምሮ አገዛዙን የተቃወሙ ኤርትራውያንንና ኢትዮጵያውያንን የሚያጉርባት ደሴት ነበረች። ሙቀቱ፣ የውኃ ጥሙና በሽታው ስንቱን እንደፈጀ የሚያውቅ ያውቀዋል። እስር ቤቱ የተዘጋው እንግሊዞች በ1941 ሲገቡ ነው። ከዚያ እስከ ፎርሚካ መምጣት አሥራ አንድ ዓመት ብቻ! አባቱ እዚያ ታስሮ ለነበረ ሰው፣ ያ ባሕር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከእስር ቤት አጥርነት ወደ ገነትነት ተለወጠ ብትለው እንዴት ይሰማሃል? ወጣቱን ኩዊሊቺን በዚህ አልወቅሰውም። ግን ውበትን ማየትም ባለ ዕድልና ዕድለ ቢስ አለው።

ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ጠላቂዎች እነሱ አልነበሩም። ዳህላክ በሉል ከጥንት ጀምሮ የታወቀች ናት። ሉል አውጪዎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ያለ ጋንና ያለ ካሜራ፣ ሻርክ ወዳለበት ባሕር ይወርዱ ነበር። ለእንጀራ ነበርና የሚወርዱት፣ ጉዞ ብሎ የመዘገበላቸው የለም።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ሁለት መንገድ ያዘ። ኩስቶ በ1963 ከሱዳን ጠረፍ ወጣ ብሎ ከባሕር በታች ቤት ሠርቶ ሰዎችን አኖረ፤ የሻርክ መከላከያ የብረት ፍርግርጉ ዛሬም እዚያው አለ፣ ጠላቂዎች እንደ ገዳም ይሳለሙታል። በ1975 ደግሞ «ጆውስ» የሚባለው ፊልም ወጣና ሻርክ የዓለም ሁሉ ጭራቅ ሆነ። መጽሐፉን የጻፈው ፒተር ቤንችሊ በኋላ ዕድሜውን ለሻርክ ጥብቅና ቆሟል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሻርክ በዓመት የሚገድለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር አይበልጥም፤ ሰው የሚገድለው ሻርክ ግን በ2013 በታተመ ጥናት ግምት 100 ሚሊዮን ገደማ ነው። አብዛኛው ክንፉ ለሾርባ ይፈለጋል።

ያኔ ሒሳብ የሚችል ሰው መጣ። ፓላው የምትባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴታዊት አገር በ2009 ባሕሯን በሙሉ የሻርክ መጠለያ አድርጋ አወጀች። በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ በዚያ ያለ አንድ የኮራል ሻርክ በሕይወት ዘመኑ ከጠላቂ ጎብኚዎች 1.9 ሚሊዮን ዶላር ያስገባል፤ ታርዶ ግን የሚያወጣው ወደ 108 ዶላር ነው። በሬ የሚያረባ መንዜ ይህን ሒሳብ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ዳህላክ ግን እንዲህ ለመቁጠር ፋታ አላገኘችም። ጦርነቱ መጣ፣ ኖኩራ የሶቪየት ባሕር ኃይል ሠፈር ሆነች። ኤርትራም በ1993 ነጻ አገር ሆነች። ዛሬ ከእኛ አገር ተነሥቶ ሻርክ ማየት የሚሻ ሰው ፓስፖርቱን ይዞ ጅቡቲ ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከሻርኮች ሁሉ የሚገዝፈው ዌል ሻርክ ይመጣል፤ ግዝፈቱን ያየ ይደነግጣል እንጂ ምግቡ በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው።

ወደ መንዝ ስንመለስ፣ ጓሳ ከፓላው በፊት ሦስት መቶ ዓመት ያህል የቆየ ሕግ ነበረው። አባቶች እንደሚሉት አስቦና ጌራ መሬቱን አካለሉ፤ ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ሣሩን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዘግቶ ያስጠብቅ ነበር። የታሰበው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ እንጂ ለቀበሮ አልነበረም። ቀበሮው በሣሩ መሐል፣ በአይጦቹ ላይ፣ ሳይጠራ ተረፈ። የ1967 ዓ.ም የመሬት ዐዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ ሣሩም ተራቆተ፤ በኋላ ያገሩ ሰው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰው። በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ነው፤ ጥቂቱም እዚያ ነው።

የፓላው ጎብኚ ለአካባቢ ጥበቃ የሚከፍለውን አገሩ ይቀበለዋል። በጓሳ መንገድ የሚያልፈው መኪናስ ሞላሌ ላይ ሻይ ለመጠጣት ይቆማል ወይስ አቧራውን አቡንኖ ያልፋል? የቀበሮውን ዕድሜ የሚወስነው ይህ ይመስለኛል።